ለተኛ ባክቴሪያ የቱ ሞዴል ይሻላል?

ኅዳር 23 ጠዋት ነው። ደብረ ብርሃን ላይ ውርጩ ገና ከሣሩ አልተነሣም። አንዲት የማስተርስ ተማሪ ጋቢዋን እንደተከናነበች መጥታ ላፕቶፗን ጠረጴዛዬ ላይ ከፈተች። "መምህር፣ ሞዴል ይምረጡልኝ" አለችኝ።

ከጅሩ ጥቁር አፈር አንድ ባክቴሪያ ለይታለች። ባሲለስ ከሚባለው ወገን ነው። ምግብ የሌለው የጨው ውሃ ውስጥ ከታ አስርባዋለች። በየ2 ቀኑ ደግሞ ስንቱ በሕይወት እንዳለ ቆጥራለች። ዳታዋ 6 ቁጥር ነው፤ ከዜሮ ቀን እስከ 10ኛ ቀን። 4 ሞዴሎች፣ ማለትም ቁጥሩ እንዴት እንደሚወርድ የሚተነብዩ ስሌቶች፣ ከነቀመራቸው አትማ ይዛለች። ትልቁ 11 ፓራሜትር፣ ማለትም ከዳታው የሚገመት ቁጥር፣ አለው። እሷ የወደደችው እሱን ነው።

እንዲህ ያለ ጥያቄ በዓመት አራት አምስት ጊዜ ይደርሰኛል። በአፈር፣ በወተት፣ በወንዝ ውሃ ላይ የሚሠራ ሁሉ አንድ ቀን አልቆ ከማያልቅ ኩርባ ጋር ይፋጠጣል። ቁጥሩ ይወርዳል፣ ይወርዳል፣ ከዚያ ጥቂቶቹ አንወርድም ይላሉ። ለእሷ የነገርኳትን እዚህ ላስፍረው። ነገሬ አንድ ነው፦ ሞዴሉን የሚመርጥላችሁ የባክቴሪያው ስም አይደለም፣ የቀመሩ ውበትም አይደለም። ደብተራችሁ ነው። መቼ መቼ ቆጠራችሁ? ምንን ከምን ለይታችሁ ቆጠራችሁ?

መጀመሪያ እንቅልፍ ስንል ምን ማለታችን እንደሆነ እንስማማ። ምግብ ሲጠፋ ሁሉም ባክቴሪያ አንድ ዓይነት አይተኛም። ባሲለስና ዘመዶቹ ስፖር ይሠራሉ። ሕዋሱ በውስጡ አንድ ትንሽ ሕዋስ ይጠቀልላል፣ በወፍራም ቅርፊት ይዘጋዋል፣ የራሱ ገላ ግን ይፈርሳል። ሥራው ሰዓታት ይፈጃል። አንዴ ካለቀ ሙቀቱም ድርቀቱም ብዙ አያስጨንቀውም።

ሌሎች ቅርፊት የላቸውም። ዝም ብለው እድገት ያቆማሉ። ጆሴፍ ቢገር የሚባል ሰው እ.ኤ.አ. በ1944 ስታፊሎኮከስ የተባለ ባክቴሪያን በፔኒሲሊን ሲገድል ጥቂቶቹ አልሞት አሉት። የተረፉትን አሳድጎ እንደገና ሲሞክር ግን ልጆቻቸው እንደማንኛውም ሞቱ። መድኃኒቱን የለመዱ አልነበሩም ማለት ነው። ተኝተው ያመለጡ ናቸው።

ሦስተኛ ዓይነትም አለ። በሕይወት አለ፣ ፔትሪ ዲሽ (የባክቴሪያ ማሳደጊያ ሳህን) ላይ ግን አይበቅልም። የሪታ ኮልዌል ቡድን እ.ኤ.አ. በ1982 በኮሌራ ባክቴሪያና ኢ. ኮላይ በተባለው የአንጀት ባክቴሪያ ላይ አሳይቶታል። ይሄኛው ለሞዴል ሠሪ ራስ ምታት ነው። ኮሎኒ፣ ማለትም ሳህን ላይ ከአንድ ሕዋስ የበቀለ ነቁጥ፣ እየቆጠራችሁ "ሞተ" ብላችሁ የጻፋችሁት ገና ያልሞተ ሊሆን ይችላል።

ቀጥ ያለው መስመር

ቀላሉ ሞዴል ሃሪየት ቺክ እ.ኤ.አ. በ1908 ስለ ጀርም ማጥፊያዎች ስትጽፍ ካስቀመጠችው ሕግ የመጣ ነው። በየሰዓቱ ከቀሩት ውስጥ እኩል ድርሻ ይሞታል፤ በቃ። በሎግ (እያንዳንዱ እርከን አሥር እጥፍ በሆነበት ሚዛን) ስትስሉት ቀጥ ያለ ቁልቁለት ይወጣል። ፓራሜትሩ 2 ብቻ ነው፦ የመነሻው ቁጥርና የሞት ፍጥነቱ።

ተማሪዎች ይንቁታል። "ይሄ ለቴሲስ አይሆንም፣ በጣም ቀላል ነው" ይላሉ። እኔ ግን አልስማማም። እ.ኤ.አ. በ2019 ሙኒክ ላይ የወጣ አንድ ሥራ የተራበ ኢ. ኮላይ ልክ በዚህ መስመር እንደሚሞት አሳይቷል። ደስ የሚለው ምክንያቱ ነው። የሞቱት ለቀሩት ስንቅ ይሆናሉ። አንድ ሕዋስ ሳያድግ እንዲሁ ለመኖር ብቻ በቀን የሚያስፈልገውን ምግብ፣ ከአንድ ሬሳ ለሚገኘው ምግብ አካፍሉት። የሞት ፍጥነቱ ይወጣል። ባለ 2 ፓራሜትሩ መስመር ከሥሩ ይህን ያህል ታሪክ ይዟል።

ስለዚህ ቆጠራችሁ አጭር ከሆነ፣ በሎግ ሲሳልም ቀጥ ካለ፣ ይህን ምረጡና አትፈሩ። መስመሩ ጎበጥ ካለ ዌይቡልን ሞክሩ። ዋሎዲ ዌይቡል ስዊድናዊ መሐንዲስ ነበር። ቀመሩን የሠራው ለቁሳቁስ ጥንካሬና ስብራት ነው። የምግብ ሳይንስ ሰዎች በኋላ ወደ ባክቴሪያ አመጡት። አንድ ፓራሜትር ብቻ ይጨምራል፣ ጉብጠቱን ጥሩ አድርጎ ይይዛል። አይብ ወይም ወተት ስንት ቀን ይቆያል ለሚል ጥያቄ ከበቂ በላይ ነው። ግን ስለ እንቅልፍ አንዲት ቃል አይነግራችሁም። የኩርባውን መልክ ይገልጻል እንጂ ኩርባው ለምን እንደጎበጠ አያውቅም። በዌይቡል ላይ ተመሥርቶ "ባክቴሪያው እንደሚተኛ አረጋገጥን" የሚል መደምደሚያ ካያችሁ አትመኑ።

ምግቡን የሚቆጥረው

ዣክ ሞኖ እ.ኤ.አ. በ1949 ያቀረበው ቀመር ባዮሎጂ የተማረ ሁሉ ያውቀዋል። ምግብ ሲጨምር እድገት ይጨምራል፣ ከዚያ ጣሪያ ይነካል። ችግሩ ለረሃብ ጊዜ አልተሠራም። ምግቡ ዜሮ ሲሆን እድገቱም ዜሮ ይሆናል፣ ያ ብቻ። ማንም አይሞትም። መሶቡ ባዶ ሆኖ ቤተሰቡ ግን እንደጠገበ ለዘላለም ተቀምጧል እንደማለት ነው።

ፐርት የተባለ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1965 የጎደለውን ጨመረ። የቤት ወጪ በሉት። ሕዋሱ ባያድግም ይበላል። ምግቡ ከወጪው በታች ሲወርድ ሂሳቡ ከዜሮ በታች ይገባል፣ ቁጥሩም መቀነስ ይጀምራል።

ይህን ሞዴል ለመምረጥ አንድ ቅድመ ሁኔታ አለው። ምግቡን ራሱን ለክታችኋል? ግሉኮሱን ወይም አሞኒየሙን ከባክቴሪያው ጎን ለጎን በየጊዜው ከመዘገባችሁ ይህ የእናንተ ነው። ካልለካችሁ ተዉት። ያልለካችሁትን ነገር ቀመር ውስጥ ስታስገቡ ኮምፒውተሩ እንደፈለገ ይሞላዋል።

ምግብን በሆዳቸው የሚያከማቹ ፍጥረታት ላይ ለምትሠሩ፣ በተለይ አልጌ ላይ፣ ድሩፕ እ.ኤ.አ. በ1968 ያወጣው ሞዴል አለ። እድገቱን ውጭ ካለው ምግብ ሳይሆን ሕዋሱ ውስጥ ከተጠራቀመው ጋር ያያይዘዋል። ለአፈር ባክቴሪያ እምብዛም አያስፈልጋችሁም፣ አልፈዋለሁ።

ሁለት ክፍል ያለው ቤት

ወደ ዋናው ደረስን። ቤቱ ሁለት ክፍል አለው። በአንዱ የነቁት አሉ፣ በሌላው የተኙት። በመካከል ሁለት በር አለ፤ አንዱ ወደ እንቅልፍ ያስገባል፣ አንዱ ከእንቅልፍ ያወጣል። የየበሩ ፍጥነት አንድ ቁጥር ነው። የነቁት ምግብ ሲኖር ያድጋሉ፣ ሲጠፋ ቶሎ ይሞታሉ። የተኙት አያድጉም፣ የሚሞቱትም በጣም በዝግታ ነው። ናታሊ ባላባንና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2004 ነጠላ ሕዋሳትን በማይክሮስኮፕ ሥር እየተከታተሉ በዚህ ዓይነት ቀመር ገልጸዋቸዋል። ከዚያ ወዲህ አብዛኛው ሥራ የዚህ ቤት ዕድሳት ነው።

ተማሪዋ "ታዲያ ይሄ ይሻለኛላ፣ የኔ ባክቴሪያ ይተኛል" አለች። እስቲ እናስላው አልኳት። በወረቀት ሠራነው። ቁጥሮቹ የምሳሌ ናቸው።

በ1 ሚሊ ሊትር 100 ሚሊዮን ሕዋስ አለ እንበል። ከ100 ሺህ አንዱ ተኝቷል፤ ማለትም 1,000 ተኝቷል። የነቁት በየቀኑ በግማሽ ይቀንሳሉ። የተኙት በግማሽ ለመቀነስ 60 ቀን ይፈጅባቸዋል። በሮቹን ለጊዜው ዘጋናቸው።

10ኛው ቀን ላይ ከነቁት 97,655 ይቀራሉ። ከተኙት 891። ድምሩ 98,546 ነው። የተኛ የሚባል ነገር ባይኖር ኖሮ 97,656 ይሆን ነበር። ልዩነቱ ከመቶ አንድ እንኳ አይሞላም። ሳህን ላይ 100 ኮሎኒ ስትቆጥሩ ደግሞ ዕጣው ብቻውን ወደ 10 ያህል ወዲህና ወዲያ ያወዛውዛችኋል። ስለዚህ እስከ 10ኛ ቀን የተሰበሰበ ዳታ ቀጥ ካለው መስመርና ከሁለት ክፍሉ ቤት የቱ ትክክል እንደሆነ ሊፈርድ አይችልም። የትኛውም ሶፍትዌር አያደርገውም።

አሁን 17ኛውን ቀን እዩ። የነቁት 763፣ የተኙት 822። ተገናኙ! 30ኛው ቀን ላይ ቀጥ ያለው መስመር ከ1 ሕዋስ በታች ይላችኋል፣ ባዶ ነው ማለት ነው። የሁለት ክፍሉ ቤት ግን 707 አሉ ይላል። ያን ጊዜ ክርክር የለም። ጠብታውን ሳህን ላይ አንጠባጥቦ ማየት ነው።

ልጅቱ ዝም አለች። ከዚያ "መምህር፣ ጠርሙሶቹ እኮ አሁንም መደርደሪያ ላይ ናቸው" አለች። ተመስገን ነው። ብዙዎቹ 10ኛው ቀን ላይ አጥበው ይጨርሷቸዋል።

ስለ ፓራሜትር ብዛትም እዚያው አሳየኋት። አካይኬ የሚባል ጃፓናዊ የስታቲስቲክስ ሊቅ ሞዴሎችን የሚያወዳድር መለኪያ አበጅቷል። ለእያንዳንዱ ተጨማሪ ፓራሜትር ቅጣት ያስከፍላል። ዳታ ትንሽ ሲሆን ደግሞ ቅጣቱን የሚያከብድ ማስተካከያ አለ። ማካፈያው የነጥቦቹ ብዛት ሲቀነስ የፓራሜትሮቹ ብዛት፣ ከዚያም ሲቀነስ 1 ነው። የእሷ ነጥብ 6 ነው። በሮቹ የተዘጉበት የሁለት ክፍል ቤት 4 ፓራሜትር አለው፣ የስህተቱ መጠን ሲጨመር 5። ስድስት ሲቀነስ አምስት ሲቀነስ አንድ፣ ዜሮ! በዜሮ መካፈል መጣ። መለኪያው በራሱ ቋንቋ "ተዪው" እያላት ነው። 11 ፓራሜትር ስላለው አላወራሁም።

መፍትሔው ብዙ ቀን መጠበቅ ብቻ ነው እንዳትሉ። ሌላም አለ፣ እንዲያውም ከእሱ የሚበልጥ። ለይቶ መቁጠር። የሚተኛው ስፖር ሆኖ ከሆነ ናሙናውን በ80 ዲግሪ ለ10 ደቂቃ አሙቁት። የነቁት ያልቃሉ፣ ስፖሮቹ ይተርፋሉ። ከላይ ባለው ምሳሌ ዜሮ ቀን ላይ ብታሞቁ 1,000 ታገኛላችሁ። ከ1 ሚሊ ሊትር ላይ አንድ አሥረኛውን ሳህን ላይ ብታፈሱ 100 ኮሎኒ ነው፤ ለመቆጠር የሚመች፣ ከ30 እስከ 300 ባለው ልክ ውስጥ። ያለ ማሞቅ 17 ቀን የሚደበቀውን ነገር ማሞቂያው በመጀመሪያው ቀን አወጣው። ሁለት ዓምድ ያለው ደብተር፣ አንዱ "ሁሉም" አንዱ "የሞቀ"፣ ከማንኛውም ረቂቅ ቀመር ይበልጣል።

እግረ መንገዴን ለደጋ ሰው አንድ ነገር። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፤ ውሃ የሚፈላው ወደ 90 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው። 80 ዲግሪውን ለማግኘት አያስቸግርም። አውቶክሌቩ (በእንፋሎት ግፊት ጀርም የሚገድለው ድስት) ግን ያስቸግራል። ባሕር ጠለል ላይ 121 ዲግሪ የሚሰጠው የግፊት መለኪያ ቁጥር እዚህ ከዚያ በታች ይሰጣል። ግፊቱን ሳይሆን ሙቀቱን እዩ። አለበለዚያ "ጸድቷል" ባላችሁት ምግብ ውስጥ የሌላ ባክቴሪያ ስፖር ተኝቶ ይቀራል፣ እናንተም የእሱን ልጆች ትቆጥራላችሁ። አንድ ክረምት ሙሉ እንዲህ የቆጠረ ሰው አውቃለሁ። ስሙን አልናገርም፤ ይህን ጽሑፍ እየጻፈ ነው።

የሁለት ክፍሉን ቤት ከመረጣችሁ ገና አንድ ምርጫ ይቀራል። በሮቹ እንዴት ይከፈታሉ? አንደኛው መንገድ ቋሚ ፍጥነት ነው። ምግብ ኖረም አልኖረም በየሰዓቱ ጥቂቱ ይተኛል፣ ጥቂቱ ይነቃል። ሁለተኛው ምግቡን አይቶ የሚከፈት በር ነው። ምግብ ሲወርድ የመተኛው በር ይሰፋል፣ ሲመጣ የመንቂያው። ባላባን ሁለቱንም ዓይነት አይታለች። አንዱ ዝርያ የተኙትን የሚያፈራው ባክቴሪያው ምግብ ጨርሶ በቆመበት ጊዜ ነው፤ ሌላው ግን በማደግ ላይ እያለም ሳያቋርጥ ጥቂት ጥቂት ያስተኛል። ለመለየት ቀላል ሙከራ አለ። ባክቴሪያውን ደጋግማችሁ ገና በእድገት ላይ እያለ ወደ አዲስ ምግብ አዛውሩት። የተኙት ቁጥር እየሳሳ ከጠፋ በሩ ምግብ አይቶ የሚከፈተው ነው። በአንድ ልክ ላይ ከጸና ቋሚ ፍጥነት ያለው።

ለአፈር እኔ ምግብና እርጥበት አይቶ የሚከፈተውን በር እመርጣለሁ። የበልግ የመጀመሪያው ዝናብ ደረቅ መሬት ላይ ሲያርፍ የሚነሣው ሽታ አለ አይደል? ከሽታው ውስጥ አንዱ ጂኦስሚን የሚባል ነገር ነው፤ የሚሠሩትም ስትሬፕቶማይሲስ የተባሉ ስፖር አምራች የአፈር ባክቴሪያዎች ናቸው። በርች የሚባል ተመራማሪ ደግሞ ጎረቤታችን ኬንያ ላይ ተቀምጦ፣ የደረቀ አፈር እንደገና ሲርስ የካርቦን ዳይኦክሳይድ ትንፋሹ በድንገት እንደሚያሻቅብ እ.ኤ.አ. በ1958 ጽፏል። ዛሬም ክስተቱ በእሱ ስም ይጠራል። ቋሚ ፍጥነት ያለው በር ይህን ድንገተኛ ትንፋሽ ሊሰጣችሁ አይችልም። እርጥበቱን የሚያይ በር ያስፈልጋል። ሰሜን ሸዋ ላይ አፈር ከአንድ ዝናብ እስከ ሌላው ለወራት ስለሚደርቅ፣ ይህን የዘነጋ ሞዴል እዚህ ብዙም አይረባም።

አባ ሰንጋን ለሚያጠኑ የእንስሳት ሐኪሞችማ ምርጫ ያለ አይመስለኝም። የጅሩ ሰንጋ አዲስ አበባ ድረስ ስሙ የታወቀ ነው፤ የበሽታው ስም ከእሱ ጋር መገጣጠሙ ደስ አይልም። የአባ ሰንጋ ባክቴሪያ ከከብቱ ወጥቶ አየር ሲነካው ስፖር ይሠራል፣ አፈር ውስጥም ለዓመታት ይቆያል። እንግሊዞች እ.ኤ.አ. በ1942 ስኮትላንድ አጠገብ ግሩይናርድ የምትባል ደሴት ላይ ስፖሩን ለጦር መሣሪያ ሞከሩት። ደሴቲቱ ደህና ናት ተብሎ የታወጀው እ.ኤ.አ. በ1990 ነው፤ ያውም በፎርማልዲሃይድ ከታጠበች በኋላ። በነቁት ሞት ፍጥነት የተሠመረ መስመር እዚያ በጥቂት ወር ውስጥ "አልቋል" ይል ነበር።

በዕጣ የሚሠራው

እስካሁን ያሉት ቀመሮች 707 ሕዋስ ሲሉ ልክ 707 ማለታቸው ነው። ቁጥሩ ትልቅ ሲሆን ይሠራል። 5 ስፖር ብቻ ሲቀር ግን ነገሩ ይለወጣል። እያንዳንዱ የመትረፍ ዕድሉ ግማሽ ከሆነ ቀመሩ 2.5 ሕዋስ ይቀራል ይላችኋል። ግማሽ ሕዋስ አለ? የለም። እውነቱ አንዳንዴ 4 ይቀራል፣ አንዳንዴ 1፤ ከ100 ጊዜ 3ቱ ያህል ደግሞ ምንም አይቀርም። "ፈጽሞ ይጠፋል ወይስ አይጠፋም?" የሚል ጥያቄ ካላችሁ መልሱ ያለው እዚህ ነው። ጊሌስፒ እ.ኤ.አ. በ1977 ያሳተመው ዘዴ እያንዳንዱን መሞት፣ መተኛትና መንቃት በዕጣ እያወጣ ያስኬደዋል። ፓይተን በሚባለው የኮምፒውተር ቋንቋ በአንድ ገጽ ይጻፋል። ነጠላ ሕዋስ በማይክሮስኮፕ የምትከታተሉ ከሆነም የእናንተ ነው።

ከዚህ ውጭ ግን ከእጅ አይሻል ዶማ ነው። እኔ ራሴ ከዓመታት በፊት ለ7 ነጥብ ዳታ 9 ፓራሜትር ያለው የዕጣ ሞዴል ሠርቼ ነበር። ላፕቶፔ ሌሊቱን ሙሉ ሲያጓራ አደረ። መብራት ሁለቴ ሄደ። ጠዋት ግራፉን ሳየው በጣም ያምራል፣ መስመሩ በሁሉም ነጥብ ላይ ያልፋል። ለሁለት ቀን ያህል ጎበዝ የሆንኩ መሰለኝ። ከዚያ እንዲያው ለሙከራ ሁለቱን የበር ፍጥነቶች በእጥፍ ጨመርኳቸው። ግራፉ ያው ነው! አሥር እጥፍ አደረግኋቸው። ፍንክች የለም። መግባቱና መውጣቱ አብረው ሲፈጥኑ ይጣፋሉ፣ ዳታዬም ልዩነቱን የሚያይበት ዓይን አልነበረውም። ስለ እንቅልፍ ፍጥነት የጻፍኩት ምዕራፍ ሁሉ ከአየር የተቀዳ ነበር። ቀደድኩት። ያ ሙከራ ግን እስከዛሬ የመጀመሪያ ምክሬ ነው፦ ከማመናችሁ በፊት ፓራሜትሩን በእጥፍ ቀይሩና ግራፉ ይንቀሳቀስ እንደሆነ እዩ። 5 ደቂቃ አይፈጅም።

ጥያቄው "ስንት?" ሳይሆን "ለምን?" ከሆነ

አንዳንዱ ቴሲስ ስንት ተረፈ አይልም። ባክቴሪያ ምግብ ሞልቶ እያለ ለምን ጥቂቱን ያስተኛል ይላል። ለዚህ ከላይ ያሉት ሁሉ አይበቁም። ብዙ ክፉና ደግ ዘመን የሚያሳልፍ ሞዴል ያስፈልጋል።

አጎቴ መንዝ ገብስ ያርሳሉ። በበልግ ጎታቸውን ጠርገው አይዘሩም። ልጅ ሆኜ "ለምን ሁሉንም አይዘሩትም?" ብዬ ጠይቄያቸው ነበር። "ዝናቡ ቢከዳኝ ክረምቱን ምን ልዘራ ነው? አንተን?" አሉኝ። ከዓመታት በኋላ የሳቸውን መልስ በቀመር አየሁት። ዳን ኮኸን እ.ኤ.አ. በ1966 የበረሃ ዕፅዋት ለምን ከዘራቸው ከፊሉን ሳይበቅል እንደሚያቆዩ ያሰላበት ሥራ ነው። የባክቴሪያ ሰዎችም ከዚያ ወስደውታል።

ሂሳቡ እንዲህ ነው። መቶ ኪሎ ዘር አለ። በደግ ዓመት የተዘራው 1 ኪሎ 6 ይሆናል። በክፉ ዓመት የተዘራው ሁሉ ይጠፋል። ጎታ የቀረው አሥረኛው በነቀዝና በአይጥ ይሄዳል። መብላቱን ለጊዜው እንርሳው። አንድ ደግና አንድ ክፉ ዓመት አለፈ እንበል። ሁሌ ሁሉን የሚዘራ ባዶውን ቀረ። ሦስት አራተኛውን የሚዘራ 106 ኪሎ አለው። ግማሹን የሚዘራ 155። ከመቶ 40ውን የሚዘራ 159። ሩቡን ብቻ የሚዘራ 147። ምንም የማይዘራ 81።

እዚህ ላይ ብዙ ተማሪ ይሳሳታል። የሁለቱን ዓመት ውጤት ደምረው ለሁለት ያካፍላሉ። እንዲያ ከተሠራ ሁሉንም መዝራት ያሸንፋል፤ 6 እና 0 በአማካይ 3 ነው። ዓመታት ግን አይደመሩም፣ ይባዛሉ። አንድ ዜሮ ሁሉን ዜሮ ያደርጋል። ማባዛቱን የያዘ ሞዴል ምረጡ፣ አለበለዚያ እንቅልፍ ሁልጊዜ ሞኝነት መስሎ ይወጣላችኋል።

ባክቴሪያው ምግቡን አይቶ ቢተኛ አይሻለውም ወይ? የግድ አይደለም። ማየት ራሱ ወጪ አለው፤ የሚያይ መሣሪያ መሥራትና መጠበቅ ያስፈልጋል። ኩሴልና ላይብለር እ.ኤ.አ. በ2005 ባሳተሙት ስሌት፣ አካባቢው አልፎ አልፎ ብቻ የሚለወጥ ከሆነ በዕጣ መተኛት ከማየት ሊበልጥ ይችላል። የተሻለው የመተኛት ፍጥነትም የዘመኑን የመለዋወጥ ልክ የሚከተል ይሆናል። ይህን ሞዴል የምትመርጡ ከሆነ የሚያስፈልጋችሁ ዳታ የኮሎኒ ቆጠራ ሳይሆን የአካባቢው ታሪክ ነው። ዝናቡ በየስንት ቀኑ መጣ? ድርቀቱ ስንት ስንት ሳምንት ቆየ? ላብራቶሪ ውስጥ ብቻ የሠራ ሰው ባይነካው ይሻላል።

ወደ ተማሪዋ ልመለስ። ያን ጠዋት 11 ፓራሜትር ያለውን ወረቀት አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። አልጣለችውም፣ ይገባኛል። እስከ 10ኛው ቀን ላለው ዳታ ቀጥ ያለውን መስመር ያዘች። ለሚቀጥለው ሁለት ክፍሉን ቤት፣ በሮቹን ዘግታ። መክፈቱ ስፖሩ ከተቆጠረ በኋላ ይታያል። የቆጠራውን ቀን እኩል ማራራቅ ትታ 14፣ 17፣ 22፣ 30፣ 45፣ 60 አለች፤ መጀመሪያ ጠበቅ፣ ኋላ ሰፋ። በእያንዳንዱ ቀን ሁለት ዓምድ፣ ያልሞቀና የሞቀ። በየዓምዱ 3 ሳህን።

ልትወጣ በሩ ጋ ከደረሰች በኋላ ስልኳ ላይ ካላንደር እያየች ዞረች። ሙከራውን የጀመረችው ኅዳር 11 ነው።

"መምህር፣ 60ኛው ቀን ጥምቀት ላይ ዋለ። ላብራቶሪው ይዘጋል። በ61ኛው ቀን ባደርገው ችግር አለው?"

"ምንም የለውም። ግን ደብተሩ ላይ 61 ብለሽ ጻፊ።"